ዲናሞውን ማን አቃጠለው?

ከአርባ ምንጭ ተነስቶ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላንቴን አለፍ እንዳሉ፣ በስተቀኝ አባያ ሐይቅ፣ በስተግራ የጋሞ ተራሮች፣ መሀል ላይ ደግሞ የሙዝ ማሳ ነው። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ከደጋ በአይሱዙ የወረዱ የባሕር ዛፍ ግንዶች ተከምረዋል። ከክምሩ ፊት ለፊት ባለ ሁለት ጎማ፣ በመኪና እየተጎተተ ከቦታ ቦታ የሚዛወር የጣውላ መሰንጠቂያ ማሽን አለ። ምላጩ ላይ የመጨረሻው ግንድ ሰጋቱራ እንደተጣበቀ ደርቋል። ማሽኑ ሥራ ካቆመ አራተኛ ቀኑ ነው፤ ዲናሞው ተቃጥሏል።

«በዚህ ዓመት ሁለተኛው ነው» አለን ወጣቱ ባለቤት። የመጀመሪያውን ወደ አርባ ምንጩ ሲቀላ ሰፈር ወስዶ አስጠቅልሎት ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላው ያው የተቃጠለ ቨርኒሽ ሽታ ግቢውን ሞላው። ተጠርጣሪ አልጠፋም። ባለቤቱ ጠቅላዩን ይጠረጥራል፤ ቀጭን ሽቦ አስገብቶብኛል ባይ ነው። ማሽኑን የሚያሠራው ልጅ ጥፋቱ የእርጥብ ግንድ ነው ይላል። ጎረቤቱ ባለ ወፍጮ ደግሞ «መብራቱ ነው» ብሎ ደምድሟል። በአንድ ነገር ግን ሦስቱም ይስማማሉ፤ ዲናሞውን ፈትቶ እንደገና ከማስጠቅለል ሌላ መላ የለም።

እኩለ ቀን ላይ የሚጠበቁት ባለሙያ በባጃጅ መጡ። ዕድሜያቸውን በዲናሞ ጥገና ያሳለፉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ባለቤቱ ቁልፍ ይዞ ወደ ማሽኑ ሮጠ።

«ጋሼ፣ ዲናሞውን ፈትቼ ላቅርብልዎት?»

«ተወው፣ እሱ የትም አይሄድም። መጀመሪያ ገመድህን አሳየኝ።»

ይህ መልስ በየመሰንጠቂያው፣ በየወፍጮ ቤቱና በየውሃ ፓምፑ የሚባክነውን ብዙ ገንዘብ ሊያድን የሚችል መልስ ነው። ዲናሞ ሲቃጠልብን የምንሮጠው የሚጠቀልልልን ሰው ፍለጋ ነው። ምን እንዳቃጠለው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ያልተጠየቀው ምክንያት እዚያው ግቢ ውስጥ ተቀምጦ አዲስ የተጠቀለለውን ዲናሞ ይጠብቃል።

በመሰንጠቂያ ላይ የሚገጠመው ባለ ሦስት ፌዝ ዲናሞ ከተፈለሰፈ ከ130 ዓመት በላይ ሆኖታል። ኒኮላ ቴስላ የባለ ብዙ ፌዝ ሞተር ፓተንቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው፤ በዓመቱ ጀርመን አገር ይሠራ የነበረው ሩሲያዊው መሐንዲስ ሚካኤል ዶሊቮ ዶብሮቮልስኪ ዛሬ በየፋብሪካው የምናየውን ባለ ሦስት ፌዝ ዓይነት ሠራ። መሠረታዊ አሠራሩ ከዚያ ወዲህ አልተለወጠም። ዙሪያውን በመዳብ ሽቦ የተጠቀለለ የማይንቀሳቀስ ብረት፣ መሀሉ ላይ በሁለት ኩሽኔታ የተያዘ የሚሽከረከር ብረት አለ። ሦስቱ ፌዞች በየተራ ከፍ ዝቅ ሲሉ የሚዞር ማግኔት ይፈጠራል፤ መሀለኛውም እሱን ተከትሎ ይዞራል። በአገራችን የ50 ሄርዝ መብራት፣ ባለ አራት ዋልታ ከሆነ ማግኔቱ በደቂቃ 1500 ጊዜ ሲዞር ዘንጉ ትንሽ ወደኋላ ቀርቶ 1440 ገደማ ይዞራል። የሚፋተግ ብሩሽ የለውም። ከኩሽኔታው በቀር የሚያልቅ አካል የለውም ማለት ይቻላል። በአግባቡ የተያዘ ዲናሞ ከገዛው ሰው ወደ ልጁ ይተላለፋል። በሦስት ወር የሚቃጠል ከሆነ ያቃጠለው ነገር አለ።

ገዳዩ ሁልጊዜም ሙቀት ነው። በሽቦው ላይ የተቀባው ማገጃ እንደየደረጃው የሚችለው የሙቀት ወሰን አለው፤ ዛሬ በብዛት የሚገኘው «ኤፍ» የሚባለው ደረጃ እስከ 155 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይችላል። መሐንዲሶች ለረጅም ጊዜ የሠሩበት አንድ ስሌት አለ፤ ከወሰኑ በላይ በየ10 ዲግሪው የማገጃው ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። 20 ዓመት ሊያገለግል የሚችል ሽቦ 40 ዲግሪ ጨምሮ ቢሠራ ዕድሜው ወደ አንድ ዓመት ከሩብ ይወርዳል። ዲናሞው በዚያች ቀን ድንገት የሞተ ይመስላል እንጂ ሲሞት የከረመ ነው።

ምጣዱ

ባለሙያው ከማሽኑ ተነስተው ገመዱን ተከተሉ። ማሽኑ የዛሬ ዓመት ወደ ግቢው ጥግ ሲዛወር ገመዱ ተቀጥሎ ነበር፤ አሁን ከቆጣሪው እስከ ማሽኑ 100 ሜትር ያህል ይሄዳል። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ነው። ግማሹ በሰጋቱራ ተቀብሯል፤ አንዱ ቦታ ላይ የአይሱዙ ጎማ ሄዶበታል።

መልቲሜትራቸውን አውጥተው ማሽኑ ጫፍ ላይ በሦስቱ ፌዞች መካከል ለኩ። 381፣ 380፣ 379።

«አዩ ጋሼ፣ መብራቱ ሙሉ ነው» አለ ባለቤቱ።

«ሥራ ሳይሰጡት ማን ይደክማል!» አሉና ወደ ልጁ ዞሩ። «ከጎረቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ይገኛል?»

ልጁ ግራ ገብቶት ባለቤቱን አየ። ቢሆንም ሄዶ አመጣ። ባለ 3500 ዋት የእንጀራ ምጣድ ነው። ባለሙያው በዚህ መሀል ሌላውን ልጅ መጥረጊያ አስይዘው በገመዱ ላይ ያለውን ሰጋቱራ አስጠረጉ፤ አንድ ባልዲ አሸዋም በቅርብ አስቀመጡ። ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ምጣድ እንጀራ ይጋግራል፤ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ግን በየቤቱ የሚገኝ ትልቅ የጭነት መፈተሻ ነው። 220 ቮልት ሲያገኝ 16 አምፔር ያህል ይስባል። ምንም ነገር ባልተሰካበት ገመድ ጫፍ ላይ መልቲሜትር የሚያሳየው ቁጥር ብዙም አይነግርም፤ መልቲሜትሩ ራሱ ከምንም የማይቆጠር ጅረት ነው የሚስበው። በአንድ ቀጭን የመዳብ ክር የተንጠለጠለ፣ ግማሹ የዛገ ቅጥያ እንኳ ያንን ቁጥር ሙሉ አድርጎ ያሳልፋል። ጅረት ሲያልፍበት ግን ድክመቱ ይወጣል።

ምጣዱን በየተራ በእያንዳንዱ ፌዝና በኒውትራል መካከል ሰኩት። በመጀመሪያው ፌዝ ቁጥሩ ከ219 ወደ 199 ወረደ። በሁለተኛው 198። ይህ የገመዱ ቅጥነትና ርዝመት ነው፤ መጥፎ ነው፤ ግን የሚጠበቅ ነው። በሦስተኛው ፌዝ ሲሰኩት መልቲሜትሩ 120 ላይ አረፈ።

«ጋሼ! ጭስ! ጭስ!»

ከማሽኑ 40 ሜትር ያህል ርቆ፣ አሁን በተጠረገው መሬት ላይ፣ ከገመዱ ቅጥያ ጭስ ይወጣ ነበር። ባለሙያው ብሬከሩን አወረዱት። ቀዝቀዝ ሲል ቅጥያውን ፈቱት። በእጅ ተጠማዞ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ ነው። ሁለቱ ፌዞች እንደምንም ይዘዋል። ሦስተኛው መዳብ ግን አረንጓዴ ሆኗል፤ ከክሮቹ የቀሩት ጥቂት ናቸው። እዚያች ጣት የማታክል ቦታ ላይ ወደ 700 ዋት ሙቀት ይወጣ ነበር። አንድ ዓመት ያህል በደረቅ ሰጋቱራ ተሸፍና መቀመጧን ሳስበው፣ ዲናሞው ብቻ ተቃጥሎ ግቢው መትረፉ ይገርመኛል።

ባለቤቱ ብዙ ሳይናገር ቆመ። ጎረቤቱ ባለ ወፍጮ ግን «መብራቱ ነው ብዬ ነበር» አለ። ባለሙያው ወደ ቆጣሪው አመለከቱት። «መብራቱ እስከዚያ ድረስ ደህና መጥቷል። ከዚያ ወዲህ ያለው የራሳችን ነው።»

ፍርዳቸው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። መብራት ይጠፋል፣ ይወርዳል፣ ከምሰሶው ላይ አንድ ፌዝ የሚቆረጥበትም ቀን አለ፤ ይህን ማንም የአርባ ምንጭ ሰው አይክድም። ሆኖም ከቆጣሪው በኋላ ያለው ገመድ፣ ቅጥያ፣ ብሬከርና ኮንታክተር (ዲናሞውን የሚያበራና የሚያጠፋው ማብሪያ) የባለቤቱ ናቸው። ተንቀሳቃሽ ማሽን ላይ ደግሞ ገመዱ በየዝውውሩ ይረዝማል፤ በየዝውውሩ አዲስ ቅጥያ ይጨመርበታል።

የርዝመቱን ጉዳይ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ይህ ማሽን ባለ 7.5 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 10 የፈረስ ጉልበት ዲናሞ አለው። በሙሉ ሥራ ላይ 15 አምፔር ገደማ ይስባል። ሲነሳ ግን ስድስት እጥፍ ሊስብ ይችላል። በ100 ሜትር ባለ 2.5 ገመድ፣ ቅጥያው ደህና ቢሆን እንኳ፣ በሥራ ላይ 15 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። በመነሻ ጊዜ ደግሞ 380 የነበረው ወደ 330 ይወርዳል። የዲናሞ ጉልበት ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይወርድም፤ ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚታሰበው። ስለዚህ 330 ላይ የሚቀረው ጉልበት ሦስት አራተኛ ብቻ ነው። በዚህ ጉልበት ከባዱን የምላጭ መንኮራኩር ለማስነሳት ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ ሁሉ ሽቦው በመነሻ ጅረት ይጠበሳል። ገመዱ ባለ 10 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን ኖሮ በመነሻ ጊዜ የሚደርሰው ወደ 368 ቮልት ነበር። ወፍራም ገመድ ውድ ነው፤ እውነት ነው። ሁለት ጊዜ ከማስጠቅለል ግን አይብስም።

የጠቆረው ሽቦ

ዲናሞው በማግስቱ ሲቀላ ተወሰደ። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ላይ የሽቦ ጥቅሎች፣ መሬቱ ላይ የተፈቱ የውሃ ፓምፕና የወፍጮ ዲናሞዎች፣ አየሩ ላይ የቨርኒሽ ሽታ። ጠቅላዩ ወጣት ነው። መክደኛውን አንስቶ ዝም ብሎ ለባለሙያው አሳያቸው።

የተቃጠለ ዲናሞ ከውስጡ ሲታይ ምን እንደደረሰበት ይናገራል፤ ማንበብ የሚችል ሰው ከተገኘ። ሦስቱም የሽቦ ቡድኖች እኩል ጠቁረው ከሆነ ከአቅም በላይ ተጭኖ ነበር፣ ወይም ቮልቴጁ ለረጅም ጊዜ ወርዶ ነበር፣ ወይም አየር ተዘግቶበት ነበር። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጠቆር ብሎ መዳቡ ቀልጦ ጉድጓድ ከሠራ ሽቦ ከሽቦ ወይም ሽቦ ከብረት ተነካክቷል፤ ያኔ ጠቅላዩ ሊጠየቅ ይችላል፤ እርጥበትም ሊሆን ይችላል። የፌዝ መጉደል ምልክት ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። በስታር የተገናኘ (የሦስቱ ቡድኖች አንድ አንድ ጫፍ በአንድ ነጥብ ላይ የታሰረ) ዲናሞ አንድ ፌዝ ሲጎድልበት ሁለት ቡድን ይጠቁራል፣ አንዱ ደህና ይተርፋል። በዴልታ የተገናኘ (ሦስቱ ቡድኖች ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው ቀለበት የሠሩ) ከሆነ አንዱ ይጠቁራል፣ ሁለቱ ይተርፋሉ።

ይህኛው በዴልታ የተገናኘ ነው። በዙሪያው በእኩል ርቀት ላይ ያለው አንዱ ቡድን ከሰል መስሏል፤ በመካከሉ ያሉት ሁለቱ ቡድኖች ቨርኒሻቸው እንኳ አልደበዘዘም። ጠቅላዩ ከጠቆረው ሽቦ ቆርጦ አጽድቶ በማይክሮሜትር ለካው፤ ከመጀመሪያው ሽቦ ጋር አንድ ነው። የተከሰሰበት ቀጭን ሽቦ አልነበረም። ባለቤቱ ይህን ሲሰማ «ይቅርታ ወንድሜ፣ በሰው ፊት ስምህን አንስቼ ነበር» አለው። ጠቅላዩ ፈገግ ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

ዴልታ ላይ አንዱ ብቻ የሚጠቁርበት ምክንያት ይህ ነው፦ አንድ ፌዝ ሲጎድል የቀሩት ሁለት መስመሮች አንዱን የሽቦ ቡድን በቀጥታ ይመግቡታል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ተከታትለው በረጅሙ መንገድ ይቆማሉ። ዲናሞው እየዞረ ከነበረ አይቆምም፤ እያጉረመረመ ይቀጥላል። ያንኑ ግንድ ለመሰንጠቅ ግን በመስመሩ የሚገባው ጅረት በ1.73 እጥፍ ይጨምራል፤ ከ15 ወደ 26 አምፔር ማለት ነው። በቀጥታ በተመገበው ቡድን ውስጥ የሚያልፈው ደግሞ ከተለመደው ሁለት እጥፍ ይሆናል። ሙቀት በጅረቱ ራስን በራስ ብዜት ስለሚጨምር ያ ቡድን አራት እጥፍ ይሞቃል። ደቂቃዎች ይበቁታል።

ታዲያ መከላከያው የት ነበር? ማሽኑ ላይ ከኮንታክተሩ ሥር ኦቨርሎድ ሪሌ ተገጥሟል። ሥራው እንዲህ ያለውን ጅረት ሲያይ መቁረጥ ነው። ባለሙያው ትናንት መክደኛውን ሲከፍቱ የሪሌው ማስተካከያ 24 አምፔር ላይ ነበር። «ማን ነው ያዞረው?» ብለው ሲጠይቁ የሚያሠራው ልጅ አንገቱን ደፋ። ሪሌው 15 ላይ በነበረ ጊዜ በየሰዓቱ እየቆረጠ ሥራ አስፈታቸው፤ አንድ ኤሌክትሪሺያን መጥቶ ከፍ አደረገላቸው። ሪሌው ደጋግሞ የቆረጠው ተበላሽቶ አልነበረም፤ ቅጥያው መበላሸቱን እየነገራቸው ነበር። 24 ላይ ሲደረግ 26 አምፔር ለሪሌው እዚህ ግባ የሚባል ጭማሪ ሳይሆን ቀረ።

በኔ ግምት በየግቢው ዲናሞ የሚያስበላው ትልቁ ጥፋት ይህ ነው። ሪሌው መቆም ያለበት በዲናሞው ሰሌዳ ላይ በተጻፈው አምፔር ነው። በስታር አስነስቶ ወደ ዴልታ የሚያሻግር ስታር ዴልታ ማስነሻ ካለውና ሪሌው ከሽቦ ቡድኖቹ ጋር ተያይዞ ከተገጠመ በ0.58 ተባዝቶ ይቆማል። ራሱን በራሱ የሚመልስ ሪሌ መጋዝ ላይ መግጠም አደገኛ ነው፤ ሠራተኛው ምላጩን ሲያጸዳ ማሽኑ ሊነሳ ይችላል። ከሪሌው ሌላ የፌዝ ተቆጣጣሪ የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ። አንድ ፌዝ ሲጎድል፣ በፌዞቹ መካከል ልዩነት ሲበዛ፣ ወይም የፌዝ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ገና ሽቦው ሳይሞቅ ኮንታክተሩን ያወርዳል። ዋጋው ከአንድ ጥቅለላ እጅግ ያነሰ ነው።

የፌዝ ቅደም ተከተል ያልኩት ለተንቀሳቃሽ ማሽን ልዩ ጉዳይ ነው። ማሽኑ አዲስ ቦታ ሄዶ ሲሰካ ሁለት ፌዝ ከተለዋወጠ ዲናሞው ወደኋላ ይዞራል። ክብ መጋዝ የያዘው ብሎን ሊፈታ፣ የባንድሶው (እንደ ቀበቶ በሁለት መንኮራኩር ላይ የሚዞር ረጅም ምላጭ ያለው መሰንጠቂያ) ምላጭ ሊወረወር ይችላል። አዲስ ቦታ ላይ ማሽኑ ሲተከል ምላጩና ቺንጋው ሳይገባ ለአፍታ አስነስቶ አቅጣጫውን ማየት የመጀመሪያው ሥራ መሆን አለበት።

የሰሌዳውንም ነገር ሳላነሳ አላልፍም፤ ብዙ ዲናሞ የሚቃጠለው ገና ሲገጠም ነውና። ሰሌዳው ላይ «220/380» ከተጻፈ በ380 መስመር ላይ በስታር ይገናኛል። በስህተት በዴልታ ከተገናኘ እያንዳንዱ ቡድን ለ220 የተሠራ ሆኖ 380 ይገባበታል፤ ውሎ አያድርም። «380/660» ከተጻፈ ደግሞ በዴልታ ይገናኛል፤ ስታር ዴልታ ማስነሻም የሚገጠመው ለዚህኛው ብቻ ነው። ይህኛው በስታር ቢቀር የጉልበቱ ሲሶ ብቻ ይቀረዋል፤ ግንድ ሲነካ ይቆማል። ተርሚናሉ ላይ ያሉትን ሦስት ትንንሽ የመዳብ ማያያዣዎች በየት በኩል እንደታሰሩ ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

በሲንግል ፌዝ የሚሠሩ ትንንሽ መሰንጠቂያዎች ችግራቸው ሌላ ነው። ዲናሞው እያጉረመረመ አልነሳም ካለ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የካፓሲተሩ ነው፤ ካልሆነ በመነሻ ላይ የሚቆርጠው የውስጥ ማብሪያ ነው። ካፓሲተሩን ከመንካት በፊት ኃይሉን ማጥፋትና የያዘውን ቻርጅ ማውጣት ግድ ነው። ምላጭና ቺንጋ ሳይወጣ ዘንጉን በእጅ ገፍቶ ለማስነሳት የሚሞክር ሰው ጣቱን ያጣል።

ደጋና ቆላ

ዲናሞው ሲጠቀለል እኛ ወደ ጨንቻ ወጣን። ከአርባ ምንጭ ወደ 37 ኪሎ ሜትር ነው፤ ግንዱ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ማሽኑም አንዳንዴ ወደዚያ ይጎተታል። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1285 ሜትር ገደማ ነው፤ ጨንቻ ወደ 2700 ሜትር ይጠጋል። ዲናሞ ሠሪዎች በሰሌዳው ላይ የሚጽፉት አቅም እስከ 1000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ የአየር ሙቀት ድረስ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ሳስቶ ማቀዝቀዝ ያቅተዋል። ጨንቻ ላይ ግን ብርዱ የአየሩን መሳሳት በአብዛኛው ያካክሰዋል። ይልቅ የሚያሳስበው የቆላው ነው፤ አርባ ምንጭ ከወሰኑ ትንሽ ከፍ ያለ ነው፣ ሙቀቱም በደረቁ ወራት ይበረታል። እዚያ ላይ የዲናሞው ማራገቢያ በሰጋቱራ ከተደፈነ ምንም ትርፍ አቅም አይኖረውም። በየቀኑ ማታ ማራገቢያውንና የዲናሞውን ክንፎች መጥረግ ለቆላ ማሽን የግድ ነው። የጨንቻው ጠላት እርጥበት ነው። ዝናብ ሲዘንብ ማሽኑ በላስቲክ ተሸፍኖ ከከረመ፣ ከመነሳቱ በፊት የሽቦውን ማገጃ በሜገር መለካት ያስፈልጋል። ባለ 500 ቮልት ሜገር ከአንድ ሜጋ ኦም በታች ካሳየ መነሳት የለበትም፤ አዲስ ለተጠቀለለ 5 ሜጋ ኦምና ከዚያ በላይ ነው የሚጠበቀው። ክዳኑን ከፍቶ ጎኑ ላይ አምፖል አብርቶ ማሳደር ብዙ ጊዜ ያደርቀዋል።

ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ዛሬ የጋሞ ደጋ ገበሬ እንደ ባንክ የሚያስቀምጠው ዛፍ ሆኗል። ለመሰንጠቅ ግን ቀላል አይደለም። ግንዱ ሲያድግ በውስጡ የያዘው ውጥረት አለ፤ ምላጩ ገብቶ ሲከፍተው ሁለቱ ጎኖች ይጎብጣሉ፤ አንዳንዴ ምላጩን ይይዙታል። ያኔ ዲናሞው ያቃስታል። እርጥብ ግንድ ነው ያለው ልጅ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም ማለት ነው። መፍትሔው ግንዱን እያገላበጡ ከየጎኑ በተራ ማንሳትና በየመሀሉ ሽብልቅ ማስገባት ነው። የምላጭ ስለትም እንዲሁ ወሳኝ ነው። የደነዘ ምላጭ ሰጋቱራው ደቃቅ ዱቄት ይሆናል፤ የስለታም ምላጭ ሰጋቱራ ቅርፍት አለው። ባለሙያው ለልጁ አንድ ነገር አሳዩት። ገመድ ላይ ተይዞ አምፔር የሚለካውን ክላምፕ ሜትር በአንዱ ፌዝ ላይ አድርገው ሁልጊዜ ተመሳሳይ ወርድ ባለው ግንድ ላይ ንባቡን ይጽፋሉ። ንባቡ ካለፈው ሳምንት ከፍ ካለ ምላጩ መሳል አለበት። ክላምፕ ሜትሩ ሌላም ጥቅም አለው። ዲናሞው እየዞረ ሳለ አንድ ፌዝ ቢጎድል በተርሚናሉ ላይ የሚለካ ቮልቴጅ ያታልላል፤ የሚዞረው ዲናሞ ራሱ በጎደለው መስመር ላይ ቮልቴጅ ያመነጫልና። አምፔሩ ግን አይዋሽም፤ የጎደለው ፌዝ ዜሮ ያሳያል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን ይደከምበታል የሚል ካለ፣ ባንድሶውን ከክብ መጋዝ ጋር ያወዳድረው። ክብ መጋዝ በየቅዱ 5 ሚሊ ሜትር እንጨት ወደ ሰጋቱራ ቢለውጥ፣ ባንድሶው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚበላው። በ10 ቅድ 30 ሚሊ ሜትር ይተርፋል፤ አንድ ሙሉ ጣውላ ማለት ነው። አሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1982 የተመሠረተው ዉድ ማይዘር ተንቀሳቃሽ ባንድሶውን በዓለም ላይ ያስፋፋው በዚህ ጥቅሙ ነው። አባያ ቀይ ሆኖ የሚታየው ከተራራው በየዓመቱ በሚወርደው አፈር ነው። አፈሩን የሚይዘው ዛፍ ነውና፣ በዚህ ተራራ ላይ ከተቆረጠ አንድ ግንድ አንድ ጣውላ ተጨማሪ ማውጣት ትርጉም አለው። መሰንጠቂያው ተበላሽቶ ሲቆም ግን ሥራው ተመልሶ ወደ ቼይንሶው ይሄዳል፤ ቼይንሶው ደግሞ ከሁሉም በላይ እንጨት ያባክናል።

ዲናሞው በሳምንቱ ተመልሶ ተገጠመ። ጠቅላዩ አሮጌውን ሽቦ ያወጣው በማገዶ እሳት ላይ ጥሎ አይደለም። ብዙ ቦታ እንደዚያ ይደረጋል፤ ከ370 ዲግሪ በላይ የሞቀ የዲናሞ ብረት ግን በየንብርብሩ መካከል ያለው ማገጃ ይጎዳል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢጠቀለል ያለ ሥራ ይሞቃል። 36ቱን ጎድጓዶች አጽድቶ፣ ወረቀት ቀይሮ፣ የዙሩን ብዛት ቆጥሮ፣ ቨርኒሽ አጠጥቶ አደረቀው። ኩሽኔታዎቹም ተቀየሩ። ባለቤቱ ገመዱን ያለ ቅጥያ ባለ 10 አስገባ፣ ከመሬት አንስቶ በምሰሶ ላይ አሳለፈው። ሪሌው 15 ላይ ቆመ። የፌዝ ተቆጣጣሪ ተገጠመ። የማሽኑ ብረት ከግራውንድ ጋር ታሰረ፤ እርጥብ መሬት ላይ በባዶ እግሩ የሚቆም ልጅ ያለበት ማሽን ያለ ግራውንድ መሥራቱ ከተቃጠለው ዲናሞ ሁሉ የባሰ ጥፋት ነበር። ማሽኑ ሲነሳ ሦስቱ ፌዞች 14.2፣ 14.0፣ 14.3 አምፔር አሳዩ።

አርባ ምንጭ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተከፍቶባት በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነላት ከተማ ናት። የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች የሚወጡት ከዚያ ነው። የሲቀላ ጠቅላዮችና በየመንገዱ ዳር ያሉ ባለ መሰንጠቂያዎች ከእነዚያ መሐንዲሶች የሚያገኙት የጥቂት ቀን ሥልጠና ቢኖር ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል፤ ጠቅላዩም የሚያስተምረው ብዙ አለው። ዩኒቨርሲቲውም የዞኑ ቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎችም ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

አንባቢ ሆይ፣ መሰንጠቂያ፣ ወፍጮ ወይም ፓምፕ ካለዎት ነገ ጠዋት ሥራ ሳይጀምሩ ኃይሉን አጥፍተው ገመዱን ከማሽኑ እስከ ቆጣሪው በእግርዎ ይከተሉት። የሞቀ፣ የጠቆረ ወይም በናስትሮ ብቻ የታሰረ ቅጥያ ካገኙ ማሽኑን አያስነሱ። የሪሌውን ቁጥር ከዲናሞው ሰሌዳ ጋር ያስተያዩ። የፌዝ ተቆጣጣሪ ከሌለው ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ያስገጥሙ።